ለአቦይ ሐጎስ የሰጠኋት አገር

ባለፈው ሳምንት ለዐይኔ ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የወሰደችኝ የልጅ ልጄ ራሔል ናት። ስንመለስ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ባጃጁ በድሮው ጨው ተራ በኩል ዞረ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ራሔል ስልኳን እየነካካች ታወራኛለች፤ እኔ ግን አንድ ሽታ አፍንጫዬ ገባና መስማት ተውኩ። እርጥብ ጨው። እርጥብ ጨውና የቆየ ሰሌን። እዚያ ሰፈር ጨው መከማቸት ከቀረ ስንት ዘመኑ! መጋዘኖቹም አሁን የብየዳና የስልክ ጥገና ቤት ሆነዋል። ድንጋዩ ግን አልረሳም። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ያልበዋል፣ ያንኑ ሽታ ያወጣል።

ራሔል የምታወራኝ ታናሽ ወንድሟ ናቲ ስለሚያየው የልጆች ፊልም ነበር። እንስሳት እንደ ሰው ለብሰው፣ ዳቦ እየጋገሩ፣ እየተጠያየቁ የሚኖሩባት አንዲት ከተማ አለች። እኔም አንዳንዴ አብሬው አያታለሁ፤ ደስ ትላለች።

«አቦይ፣ ያቺ ከተማ እኮ እውነተኛ ከተማ አይደለችም» አለችኝ። «አንዲት የታመመች ልጅ አልጋ ላይ ሆና የምታስባት ናት።»

«ማን አለ?»

«ሰዎች ደርሰውበታል። ማስረጃ አላቸው። የአደባባዩ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የቆመው፤ ከከተማዋ የሚወጣም የለም። ለናቲ ብነግረው አልቅሶ ሞተ! ሁለተኛ አላይም አለ።» ሳቀች። «ፊልም ነው እኮ አቦይ።»

ያ ሽታ ባይመጣ ምናልባት አብሬያት እስቅ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ራሔልን ሳይሆን የልጅነት ጓደኛዬን ለምለምን ነበር የማየው። የናቲን ልቅሶ ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ።

አባቴ የምንጃር ሰው ነው። ከመንገድ ሥራ ጋር መቐለ መጣና እናቴን አገባ። በቤታችን ሁለት ቋንቋ ይነገር ነበር፤ ቁጣው በትግርኛ፣ ጨዋታው በአማርኛ። ጥርሴ በሚነቃነቅበት ዕድሜዬ እናቴ ሳንባዋን ታመመች። ሰኔ ሲገባ አባቴ ጭነት መኪና ላይ ከሹፌሩ ጎን አስቀምጧት አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰዳት። እኔን ለጎረቤታችን ለአቦይ ሐጎስና ለባለቤታቸው ለአደይ ምሕረት ተወኝ።

አቦይ ሐጎስ የጨው መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። በበጋ ግመሎቹ ከቆላ ጨው ሲያመጡ እሳቸው ይረከባሉ፤ አሞሌውን በመጥረቢያ እየላጉ፣ በዘንባባ ልጥ እያሰሩ ይደረድሩታል። በክረምት ግመል አይመጣም። የክረምት ሥራቸው ጨውን ከዝናብ ማዳን ነው። ዝናብ ሲመጣ በሩን ዘግቶ በጆንያ መወተፍ፣ ሰሌን መደራረብ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ቶሎ ብሎ ሁሉን ከፍቶ ማናፈስ። ጨው እርጥበት ከጠጣ እየቀለጠ ይሄዳልና። የእጃቸው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ነገር ነበረበት። ራሴን ሲዳብሱኝ ፀጉሬን ይይዘው ነበር።

ዝናብ ሲዘንብ እኛ ልጆች መጋዘኑ ውስጥ አብረናቸው እንዘጋለን። የልጃቸው ልጅ ለምለም አለች፤ ከሁላችንም ትበልጣለች፣ ትምህርት ቤት የምትሄድም እሷ ብቻ ነበረች። ሐዱሽ አለ፤ አባቱ አህያ የሚጭን። የሐዱሽ ታናሽ እህት ዝማምም አለች፤ አውራ ጣቷን ትጠባለች። ጨዋታችን እንቆቅልሽ ነው። አቦይ ሐጎስ በወጣትነታቸው ጨው ይዘው እስከ ወሎ የወረዱ ሰው ስለነበሩ በአማርኛም በትግርኛም ይችሉበታል።

እንቆቅልሽ በቀን አይጫወቱም፤ በጠራራ ፀሐይ የጠየቀ ቀንድ ያበቅላል ይባል ነበር። አቦይ ሐጎስ ግን ለዚህ መላ ነበራቸው። ፀሐይ በደመና ከተሸፈነችና ዝናብ ከወረደ እንደ ምሽት ይቆጠራል አሉን። ስለዚህ ሲዘንብ እንጫወታለን። ካባራና በበሩ ስንጥቅ አንድ የብርሃን ዘንግ ከገባ፣ ጥያቄው አፍ ላይ ቢሆንም ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ሌላ ዝናብ እስኪመጣ ስለ ጨዋታው ቃል አይወጣም።

ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ግን አንድ ጊዜ የተሰጠ አገር እስከ መስቀል ድረስ ሁለተኛ አይሰጥም ነበር። አቦይ ሐጎስ ደግሞ አገር ሲሰጣቸው እንዲሁ አይተውትም። ጋቢያቸውን ያስተካክሉና ይገባሉ። «ጎንደር ገባሁ። ሰዉ ወጥቶ ተቀበለኝ። ወንዙም የኔ፣ ሰዉም የኔ፣ ከብቱም የኔ። ያረሰው ለኔ፣ ያለበው ለኔ። ይህን አገር የሰጠኝ ልጅ ግን ይኸው ጨው ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ይጎረጉራል!» ይሉና ያስቁብናል።

ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን አምኛቸው ነበር። ሰዉም የኔ ሲሉ፣ የሰጠኸው አገር ሰዎች እውነት የእሳቸው የሚሆኑ ይመስለኝ ነበር። ማረጋገጫም አግኝቼ ነበር። ሐዱሽ ውቅሮን ሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ውቅሮ ያለው የአጎቱ በቅሎ ጠፋች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ለዚህ ነው አዲስ አበባን ማንም እንዲሰጥ የማልፈቅደው። አንድ ቀን ለምለም ተሸንፋ «አዲስ...» ብላ ስትጀምር ዘልዬ አፏን በእጄ ከደንኩት። ነከሰችኝ። እጄ እየደማም አለቀቅኳትም። አቦይ ሐጎስ አዩኝና «ተይው ጓለይ፣ ተይው ልጄ፣ ሌላ ስጪኝ፤ ጅማን ስጪኝ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባን የሚነካት አልነበረም።

ሐምሌ መጨረሻ ግድም ይመስለኛል፣ አገር ሁሉ አለቀብን። አሥመራ ሄዷል፣ ሐረር ሄዷል፣ ወለጋ ሄዷል። ስሙን እንጂ የት እንዳለ የማናውቀው ሁሉ ሄዷል። በዚያ ቀን አቦይ ሐጎስ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ሲዘንብ ያለቅሳል፤ ሲያባራ ነጭ ጢም ያበቅላል።»

«ሽማግሌ!» አለ ሐዱሽ፣ ተራው ሳይሆን።

«ሽማግሌ ሲዘንብ አያለቅስም» አለችው ለምለም።

«አባቴ ያለቅሳል። ጣራችን ያፈሳል።»

እኔ አሰብኩ፣ አሰብኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ነው የማስበው። ጀርባዬ ራሰ። ምንም አልመጣልኝም።

«አገር ስጠኝ!» አሉ አቦይ ሐጎስ።

የቀረችው አንድ አገር ናት። ሁሉም ያውቃሉ፤ ያዩኛል። ለምለም ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ ነው ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቃል ካፌ የወጣው።

«ዲምቢሎን ሰጠሁ።»

«የለም!» ጮኸች ለምለም። «ዲምቢሎ የሚባል አገር የለም! አሁን ነው የፈጠረው!»

«ቆይ» አሉ አቦይ ሐጎስ። «አላየሁትም እላለሁ እንጂ የለም አልልም። በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

«በቁሓ በኩል።»

«ከቁሓስ በኋላ?»

«ከቁሓ በኋላ ይታጠፋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ቀጥ ብዬ ነው የማልፈው። በል እንግዲህ፣ ዲምቢሎ ገባሁ። ግን አገሩን አላውቀውም፣ አንተ ምራኝ። ሰዉ ምን ይለብሳል?»

«ነጭ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። የሥራ ቀንም ነጭ ነው።»

ከዚያ መልሱን ነገሩን። የተደገፍኩት ግድግዳ ነበር። ሲዘንብ የሚያለቅሰው፣ ሲያባራ ጨው እያወጣ ነጭ የሚሆነው። ሐዱሽ በሳቅ ተንከባለለ፤ እኔ ግን አልከፋኝም። አዲስ አበባን አድኛታለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ አገር የሚጠይቅ ጠፋ። በዘነበ ቁጥር ወሬያችን ዲምቢሎ ሆነች። አቦይ ሐጎስ ይጠይቁኛል፤ እኔ እመልሳለሁ። መልሱ እንዴት ይመጣልኝ እንደነበር እንጃ፤ አፌን ስከፍት አብሮ ይወጣ ነበር። በዲምቢሎ በርበሬ አይበላም። ደወል ሲደወል ሁሉም ይተኛል፤ ሲደወል ሁሉም ይነሳል። ጫማ አይንኳኳም። ጠዋት ጠዋት ሰዎች በተራ ተደርድረው ፀሐይ ይጠጣሉ። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው። የእያንዳንዱ ሰው ስም በእግሩ በኩል ተጽፎ ይሰቀላል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ አይገባም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ እጁን ያውለበልባል።

ልጆቹ ይህችን አገር ወደዷት። መውደድ ብቻ አይደለም፤ ምንነቷን ካላወቅን ብለው ተነሱ። ጭቃ ስንረግጥም፣ ውሃ ስንቀዳም ክርክር ነው።

ዝማም አውራ ጣቷን ከአፏ አውጥታ «የግመል ሆድ ውስጥ ናት» አለች። ለምን ስንላት «ስለሚሞቅ» አለች። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም።

ሐዱሽ ግን ነገሩን አጥብቆ ይዞታል። «የሙታን አገር ናት» አለ። «እዩ እንግዲህ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ከፈን ምንድነው? ነጭ ነው። ድምፅ የለም። በርበሬ አይበሉም። ሙት በርበሬ ይበላል? አይበላም።»

«ሙት ፀሐይ ይሞቃል?» አልኩት።

«የዲምቢሎ ሙት ይሞቃል።»

«አገሯን የማውቃት እኔ ነኝ! አልሞቱም!»

«አንተ ሰጠሃት እኮ። ከሰጠህ በኋላ ምን አገባህ?»

ጭቃ ወረወርኩበት። እሱም ወረወረብኝ። አደይ ምሕረት ሁለታችንንም በጆሯችን ይዛ አስገባችን። ለምለም ዳር ቆማ ታየናለች። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሌላው ሲንጫጫ መልሱን እንደያዘች ልጅ። ከዚያ በኋላ ከጨዋታው ውጭ እየጠበቀች አንድ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኝ ጀመር። «የሚያገለግሏቸው ሴቶች ራሳቸው ላይ ምን ያደርጋሉ?» «ቆብ።» «ውሃ በምን ይሰጧቸዋል?» «በማንኪያ።» መልሱን ይዛ ትሄዳለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ቆርቆሮው ጣራ ላይ እርስ በርስ እስከማንሰማማ ድረስ ዘነበ። ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ሐዱሽ የሙታን ነገሩን እንደገና አነሳ። ለምለም ብድግ አለች።

«አይደለም» አለች። «የሞተ ሰው ውሃ በማንኪያ አይሰጠውም። የሞተ ሰው ስሙ እግሩ ሥር አይሰቀልም፤ ለምን ይሰቀላል፣ ማን ሊጠራው? ነጭ ልብስ፣ ቆብ፣ ደወል። ጠያቂ አይገባም። ሆስፒታል ነው። አባቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ለአንድ ቀን መጥቶ ለአያቴ ሲነግር ሰምቻለሁ፤ እሱም ጠረጴዛ ሥር ቆሎ እየበላ ነበር። ዲምቢሎ እናቱ ያለችበት ሆስፒታል ነው።»

ለምለም ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ መልሱን ማግኘቷ ነው ያስደሰታት። ፊቷ በርቶ ነበር። እውነቷን ነው። ቃል በቃል የአባቴ ወሬ ነበር። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ የሰማሁት፣ ያልሰማሁ የመሰለኝ።

«እንግዲያው...» አልኩ። እንግዲያው ሰጥቻታለሁ። አዲስ አበባን አድናለሁ ብዬ፣ ከአዲስ አበባ ውስጥ እናቴ የተኛችበትን ቤት ነጥዬ ሰጥቻለሁ።

አቦይ ሐጎስ አንድ ነገር ሊሉ ነበር። ልክ ያን ጊዜ በበሩ ስንጥቅ ፀሐይ ገባች።

«በቃ» ብለው ተነሱ፤ እጃቸው ወዲያው ጆንያውን ከበሩ መሳብ ጀመረ። ለጨው ሰው ያቺ ሰዓት አታስቀምጥም። «ለምለም፣ ሰሌኑን ያዢ። ሐዱሽ፣ ያን በር!» ፊቴን አላዩትም። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ልጅ ነበርኩ፤ ፀሐይ ከወጣች ስለ ጨዋታ አይወራም። ሌላ ዝናብ መጠበቅ አለብኝ።

ዝናቡ ግን ጠፋ።

በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በላይ እየሆነ ሲሄድ ትልልቆቹ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ። ገጠር ያለው እህል ገና ፍሬ አልያዘም። በየበሩ ወሬው ይኸው ሆነ። በመጨረሻም ምህላ ተያዘ።

እኔም ሄድኩ። ማንም ሳያስነሳኝ ተነስቼ፣ ከሁሉ በፊት ደርሼ ቆምኩ። «እግዚኦ» ሲባል የኔ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ሰዉ የሚለምነው ለእህሉ ነው፤ እኔ ዝናብ የምለምነው ስለ እናቴ መናገር እንዲፈቀድልኝ ነው። ሴቶቹ ይህን አያውቁም። «እዩት ይህን ልጅ! እናቱ በሌለችበት እንዴት እንደሚጸልይ! የተባረከ ነው» እያሉ ዳቦ በኪሴ ይከታሉ። ቄሱም መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አቆዩት። ዳቦውን አልበላሁም። ምንም አልበላ ብሎኝ ነበር። አደይ ምሕረት ከጎኔ ተቀምጣ እያጎረሰችኝ «ወደይ፣ ልጄ፣ ምን ሆንክ? ንገረኝ» ትላለች። ቀና ብዬ ፀሐይዋን አያለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ።

ዝናቡ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ የአቧራ ሽታ፣ ከዚያ ጣራው ላይ ትልልቅ ጠብታ። ሰዉ ወደ ደጅ ወጥቶ እልል ይላል፤ እኔ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። አቦይ ሐጎስ በሩን እየወተፉ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ገና አልደረሱም።

«አገሬን መልሱልኝ!»

«የቱን አገር?»

«ዲምቢሎን! እናቴ እዚያ ናት። አላወቅኩም ነበር። ሳላውቅ ነው የሰጠሁት። ሰዉም የኔ ብለዋል። በቅሎዋም ጠፍታለች!»

«የምን በቅሎ?»

«የሐዱሽ አጎት በቅሎ!»

የያዙትን ጆንያ አስቀመጡ። አሁን ፊቴን አዩት። ጨዋታ ነው እኮ፣ ውሸት ነው እኮ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንደዚያ ቢሉኝ አላምናቸውም ነበር። አላሉኝም። አንድ የጨው ጥቅል ላይ ተቀመጡና እኔንም ከፊታቸው አቆሙኝ።

«አልመልስልህም» አሉኝ።

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ስማኝ ወደይ። መጀመሪያ ስማኝና ከዚያ ታለቅሳለህ። ይህችን አገር ብመልስልህ ጠባቂዋ አንተ ልትሆን ነው። አንተ እናትህን ስትጠብቅ ይኸው ሰሞኑን ከሳህ፤ እህል አትበላም፣ ምሕረት ነግራኛለች። ይህ ያንተ ሥራ አይደለም። አሁን ቀና በልና ይህን ጨው እየው። ክረምት ስንት ጊዜ አልፎበታል? ጠባቂው ማን ነው?»

«እርስዎ።»

«ዝናብ ሲመጣ ማን ይነሳል?»

«እርስዎ።»

«ስለዚህ ዲምቢሎ እኔ ዘንድ ትሁን። አንተ ተጫወት። አንተ ብላ። ስለሷ መጨነቅ ካስፈለገ እኔ እጨነቃለሁ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ እችልበታለሁ።»

«ትድናለች?» አልኳቸው።

ጣራውን አዩ። ዝናቡ በርትቶ ነበር። «መጠበቅ ነው የኔ ሥራ» አሉ። «ማዳን የእግዚአብሔር ነው። የሱን ሥራ የኔ ነው ብዬ አልዋሽህም። ግን አልተኛም፤ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ገልጠው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ልጆቹ ሲመጡ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር አሉ። ያን ቀን ማታ ጠግቤ በላሁ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ከዚያ በኋላ በዘነበ ቁጥር ገዥው ስለ አገራቸው ይነግሩናል። «ዛሬ ዲምቢሎ ገብቼ ነበር። መስኮት ክፈቱ አልኩ። ያቺ ሳል ያለባትን ሴት ወደ ፀሐይ አስጠጓት አልኩ።» ለምለም ሳትቀር ትጠይቃለች። ሐዱሽም ስለ ሙታን ማውራቱን ተወ፤ ለምን እንደተወ አላውቅም፣ ምናልባት አቦይ ሐጎስ ተቆጥተውት ይሆናል።

እናቴ የመጣችው ከመስቀል በኋላ ነው። አባቴ ከመኪናው ደግፎ አወረዳት። በጣም ከስታ ነበር፤ ፊቷ ነጥቶ፣ ፀጉሯ አጥሮ። መጋዘኑ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ጆንያ አንጥፈው አስቀመጧት። ሁሉም ይስማታል። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

«ወደይ፣ ረሳኸኝ?» አለችኝ።

አልረሳኋትም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ የቀሚሷ ጫፍ ላይ። እንዳትነሳ።

ለምለም መታገስ አልቻለችም። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ፊት ለፊቷ ቆመች። «አደይ ብርክቲ፣ እዚያ ደወል አለ?»

«አለ።»

«ሴቶቹ ቆብ ያደርጋሉ?»

«ያደርጋሉ።»

«ስምሽ እግርሽ ሥር ተሰቅሎ ነበር?»

እናቴ ገርሟት «ማን ነገረሽ?» አለች።

«ይኸው!» ብላ ለምለም ወደ ሐዱሽ ዞረች። «አላልኩም?»

እናቴ ግራ ገብቷት አቦይ ሐጎስን አየች። እሳቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። እንቆቅልሹን፣ አገሪቱን፣ ክርክሩን፣ እንባዬን ጭምር። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አሳልፎ ሰጥቶኛል ብላ ትቀየመኛለች ብዬ ነው።

እናቴ ቀና ብላ ኮስተር አለች።

«እንግዲያው ክረምቱን ሙሉ በእርስዎ ግዛት ነበርኩ ማለት ነው፣ አቦይ?»

«ነበርሽ ጓለይ።»

«አይክዱም?»

«ምስክሮቹ እነዚህ ናቸው።»

«እንግዲህ አቦይ ሐጎስ፣ ሾርባው ጨው አልነበረውም።»

«ምን?»

«ጨው! አንዲት ቅንጣት! ጠዋት የለም፣ ማታ የለም። ገዥው የጨው ሰው፣ አገሩ ጨው የለው! ይህ ፍርድ ነው?»

ሐዱሽ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ። አባቴ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አቦይ ሐጎስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ዋይ አነ! ዋይ አነ! ተዋረድኩ!»

«ፀሐይ ነው እኮ!» አለች ለምለም። «በፀሐይ ጨዋታ አይፈቀድም!»

«ጨዋታ አይደለም፣ አቤቱታ ነው» አለች እናቴ። «ገና መቼ ጀመርኩ! ሌሊት እንቅልፍ ሲወስደኝ ቀስቅሰው የእንቅልፍ ኪኒን የሚሰጡኝ በማን ትእዛዝ ነው? ያቺ እጇ በረዶ የሆነችው ሴትዮ፣ ሌላ ሠራተኛ አጥተው ነው የሾሟት? ብርድ ልብሱስ? ወደ አንገቴ ስስበው እግሬ ይወጣል፣ ወደ እግሬ ስመልሰው...»

«አዲስ ሹም ነኝ ጓለይ፤ ገና አደላድላለሁ እያልኩ ነው...»

«መስከረም ጠባ እኮ አቦይ!»

ትንሽ ትስቃለች፣ ታርፋለች፣ ትቀጥላለች። ከአልጋ ጎረቤቷ ጋር በመስኮት መክፈትና መዝጋት የተጣሉትን ትናገራለች፤ እርግብ ገብታ ዳቦዋን ስለበላችባት ቀን ታማርራለች። አቦይ ሐጎስ ለእያንዳንዱ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እኔ ከአፏ የሚወጣውን አንድም አላስቀርም። ዳቦዋን እርግብ በበላችባት ቀን እሷ በሕይወት ነበረች፤ ተርባ፣ ተናድዳ፣ ግን ነበረች። ብርድ ልብሱ ባጠረባትም ሌሊት ነበረች። እኔ ክረምቱን ሙሉ ሳስባት እንዲህ ስትናደድ አስቤያት አላውቅም ነበር።

ፀሐይዋ ከደጃፉ ስትሸሽ አባቴ «በቃ፣ ይበርዳታል፣ እናስገባት» አለ። እናቴ ልትነሳ ሞከረች፤ ቀሚሷ ያዛት።

«ወደይ፣ ተነሳልኝ። እግሬ ደነዘዘ።»

«ስለ ብርድ ልብሱ አልጨረስሽም» አልኳት።

«ጨረስኩ እኮ።»

«ድገሚው።»

አባቴን አየችው። ተመልሳ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ደገመችልኝ።